የእስያ ፒር እስኪለሰልስ አይጠበቅም

ጥያቄ፦ «የእስያ ፒር ገዛሁ። በጣም ጠንካራ ስለነበር ጥሬ መሰለኝ። እንዲበስል ብዬ አንድ ሳምንት ወጥ ቤት አስቀመጥኩት፤ አልለሰለሰም። በመጨረሻ ሰላጣ ልሥራበት ብዬ ቆረጥኩት። እንዳይጠቁር በሎሚ ውሃ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። በማግስቱ ከሰላጣ ቅጠል፣ ከዘይት፣ ከጨውና ከማር ጋር ቀላቀልኩት። እንግዶቼ ቁጭ እስኪሉ ድረስ ሳህኑ ሥር ውሃ ተጠራቀመ፣ ቅጠሉ ጠወለገ። ፒሩ ደግሞ ከላይ ይጎመዝዛል፣ ከውስጥ ውሃ ውሃ ይላል። ችግሩ ፍሬው ነው ወይስ እኔ? ቀደም ብሎ ማዘጋጀትስ ይቻላል?»

ምላሽ፦ ፍሬው ምንም አልሆነም። የተሳሳተው አያያዙ ነው። መጀመሪያ እንደ ለስላሳው የአውሮፓ ፒር እስኪበስል ጠበቁት። ቀጥሎ እንደ ለስላሳው ፒር ጣዕሙ ብቻውን ሰላጣውን ይሸከማል ብለው ተማመኑበት። ሁለቱም አያስኬዱም። የእስያ ፒር ሰላጣ ውስጥ የሚገባው ለኮሽታውና ለቀዝቃዛ ጭማቂው ነው። ጣዕሙን አጉልተው የሚያወጡት አጠገቡ ያሉት ነገሮች ናቸው። አሠራሩን ካየን ከለስላሳው ፒር ይልቅ ለኪያር ይቀርባል።

ከመብሰሉ እንጀምር። አንገቱ ቀጠን ያለው የአውሮፓ ፒር ጠንካራ ሆኖ ይለቀማል፤ የሚለሰልሰው ከተለቀመ በኋላ ነው። ዛፉ ላይ ይብሰል ተብሎ ከተተወ ከመሃሉ ጀምሮ ይበላሻል። የእስያ ፒር ግን ዛፉ ላይ በስሎ ነው የሚለቀመው። እጅዎ ሲገባ ለመበላት ዝግጁ ነው። ጠንካራነቱ የጥሬነት ምልክት ሳይሆን ተፈጥሮው ነው። ወጥ ቤት ያሳለፈው ሳምንት የጨመረለት ነገር የለም፤ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ኮሽታው ቀንሷል። ትንሽ ቢያቆዩት ኖሮ ቆዳው ይጨማደድ ነበር፣ ሥጋውም ልል ይሆን ነበር። ለስላሳና ቅባት ቅባት የሚል ፒር ግን በምንም ተአምር አይወጣውም።

በነገራችን ላይ ክብ ስለሆነና ሲገመጥ ኮሽ ስለሚል ከፖም ጋር የተዳቀለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ራሱን የቻለ የፒር ዓይነት ነው። አብዛኛው ክብ የእስያ ፒር ሳይንሳዊ ስሙ ፓይረስ ፓይሪፎሊያ ይባላል፤ ገበያ ላይ ናሺ ተብሎም ይሸጣል።

ስለዚህ ገዝተው እንደመጡ ቦታው ፍሪጅ ነው። በስስ ወረቀት ጠቅልለው ከረጢት ውስጥ ያስገቡትና የአትክልት መሳቢያው ውስጥ ያኑሩት። በዚህ ዓይነት ለሳምንታት ይቆያል፤ አንዳንዱ ዝርያ ከዚያም አልፎ ወራት ይዘልቃል። ቆዳው ግን ለመመታት ስስ ነው። በየፍሬው የፎም መረብ አልብሰው የሚሸጡት ወደው አይደለም። ሲገዙም በአውራ ጣት ጫን እያሉ አይፈትኑት፤ የተጫነው ቦታ በማግስቱ ይጠቁራል። ከዚያ ይልቅ እጅ ላይ ሲያነሱት ከመጠኑ በላይ ከበድ የሚለውን፣ የላላ ቦታ የሌለውን፣ ለአፍንጫ ደስ የሚል ሽታ ያለውን ይምረጡ። የአልኮል ሽታ ከሸተተዎት ይለፉት።

ፍሪጅ ውስጥ ከማን ጋር እንደሚቀመጥም ያስቡበት። ፖምና አንዳንድ የእስያ ፒር ዝርያዎች ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ይህ ጋዝ የሰላጣ ቅጠል ላይ የዛገ የሚመስል ነጠብጣብ ያመጣል፣ ካሮትንም መራራ ያደርጋል። ለአንድ ሰላጣ የሚገዙትን ሁሉ አንድ መሳቢያ ውስጥ አጭቆ ማሳደር ጥሩ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ዝርያው ለውጥ ያመጣል ወይ? ያመጣል፣ ግን ያን ያህል አያስጨንቅም። በጥቅሉ ሁለት ዓይነት መልክ ያጋጥምዎታል። አንዱ ቆዳው ልስልስ ያለ፣ አረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። የዚህ ወገን ዝነኛው የጃፓኑ ኒጂሴይኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ማትሱዶ በምትባል የጃፓን ከተማ አንድ ልጅ ቆሻሻ መጣያ ላይ በቅሎ ካገኘው ችግኝ የመጣ ዝርያ ነው። ማንም ያልተከለው ፍሬ እስከ ዛሬ በዓለም ገበያ ይሸጣል። ሌላው ወገን ቆዳው ቡናማና ሻከር ያለው ነው። ሆሱይ፣ ሺንኮ፣ ኒታካ የሚባሉት እዚህ ይመደባሉ። በኮሪያ ሺንጎ ተብሎ የሚሸጠውና አንዱ ፍሬ ከግማሽ ኪሎ የሚያልፈው ትልቁ ፒር ኒታካ ነው። ለቅጠል ሰላጣ እኔ አረንጓዴውን እመርጣለሁ፤ ትንሽ ኮምጠጥ ስለሚል ከቅጠል ጋር ይግባባል። ቡናማዎቹ ይበልጥ ይጣፍጣሉ። እነሱ ቃሪያና ዝንጅብል ካለበት ሰላጣ ጋር ይሄዳሉ። ያገኙት አንዱን ብቻ ከሆነ ግን ያንኑ ይጠቀሙ።

ቆዳውን በተመለከተ፣ የአረንጓዴው ስስ ስለሆነ በደንብ ከታጠበ ይበላል። የቡናማው ሻካራና መረር የሚል ነው፤ ይላጡት። ከቆዳው በላይ የሚያሳስበኝ ግን መሃሉ ነው። የእስያ ፒር ሲታኘክ አሸዋ አሸዋ የሚለው ሥጋው ውስጥ ግድግዳቸው የደነደነ ጥቃቅን ሴሎች ስላሉት ነው። እነዚህ ሴሎች ዘሩ ዙሪያ ይበዛሉ። እዚያው አካባቢ ሥጋው ይኮመጥጣል፣ ጣፋጩም ይቀንሳል። ጣፋጩ ያለው ወደ ቆዳው በኩል ነው። ስለዚህ ዘሩን ብቻ ፈልቅቀው አይተዉት። ፍሬውን አራት ቦታ ይሰንጥቁና መሃሉን አንድ ጣት ያህል ሳይሰስቱ ቆርጠው ይጣሉ። ብዙዎች እዚህ ላይ ይቆጥቡና በኋላ «ፒሩ አሸዋ አለው» ይላሉ።

አሁን ወደ ጣዕሙ። ፒሩ ለምን ውሃ ውሃ አለ? አንደኛ፣ ወደ 88 በመቶ የሚሆነው ክፍሉ ውሃ ነው። ሁለተኛ፣ አሲዱ ትንሽ ነው፤ ከፖም ጋር ሲወዳደር በጣም ያንሳል። ሦስተኛ፣ የለስላሳው ፒር ያለው ያ የሚያውድ መዓዛ እሱ ላይ ደብዛዛ ነው። ብቻውን ቀዝቅዞ ሲበላ ይህ ሁሉ አይታወቅም፤ ጥርስ ላይ ኮሽ ብሎ አፍ የሚሞላው ጭማቂ ይበቃዋል። ቅጠልና ዘይት መሃል ሲገባ ግን ይጠፋል። እርስዎ ደግሞ ማር ጨመሩበት። ጣፋጭ ላይ ጣፋጭ ሲደረብ ፒሩ ይበልጥ አልጫ ይሆናል። የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው፦ የሚኮመጥጥ፣ ጨው ጨው የሚል፣ የሚያቃጥል ወይም ቅባት ያለው ነገር። ኮሪያውያን በበረዶ በቀዘቀዘ ኮምጠጥ ያለ መረቅ ውስጥ በሚቀርበው የኔንግሚዮን ኑድል ላይ የፒር ቁራጭ ጣል የሚያደርጉት ያለ ምክንያት አይደለም። በሰናፍጩና በአቼቶው መሃል ፒሩ አፍ ያሳርፋል።

በሎሚ ውሃ ማሳደሩ ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው። ሐሳብዎ ልክ ነበር፤ መጠኑና ሰዓቱ ነው የገደለው። ፒር ሲቆረጥ ሴሎቹ ይቀደዳሉ። ውስጡ ያለ ኢንዛይም ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተጋግዞ ፊኖል የሚባሉትን ውህዶች ወደ ቡናማ ቀለም ይቀይራቸዋል። ሎሚ ይህን በሁለት መንገድ ይገታል። አሲዱ ኢንዛይሙን ያዳክመዋል፤ ቫይታሚን ሲው ደግሞ የጀመረውን ለውጥ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ነገር ግን ቫይታሚን ሲው እየሠራ ያልቃል። ሎሚ የነካው ፒርም ሰዓት ሲቆጠር መጥቆሩ የማይቀረው ለዚህ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ሲያድር ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል። የፒሩ ስኳር ቀስ በቀስ ወደ ውሃው ይወጣል፤ የሎሚው ኮምጣጣ በተራው ወደ ፒሩ ይገባል። ከላይ ጎምዛዛ፣ ከውስጥ ባዶ ያሉት ጣዕም ይኸው ነው።

መንከር ካስፈለገ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል። ለአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ያድርጉ። ከዚያ አውጥተው በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወጥ ቤት ወረቀት ያድርቁት። የሎሚ ጣዕም ካልፈለጉ የጨው ውሃ ይሞክሩ፤ ለአንድ ኩባያ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ለ5 ደቂቃ፣ ከዚያ ለቅለቅ አድርጎ ማድረቅ። ጨውም ያን ኢንዛይም ያስታግሰዋል፤ ፒሩ ላይም ከሎሚ ያነሰ ጣዕም ይተዋል። የማር ውሃም ይሠራል፣ ምክንያቱም ማር ውስጥ ኢንዛይሙን የሚያዳክሙ ውህዶች አሉ። ለአንድ ኩባያ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር በጥብጠው አንድ ደቂቃ መንከር በቂ ነው። ለእኔ ግን የሚመረጠው የጨው ውሃው ነው፤ ርካሽ ነው፣ ጣዕም አያዛባም። ደግሞ ሰላጣው ተሠርቶ ወዲያው የሚበላ ከሆነ መንከሩ ራሱ አያስፈልግም። ድሬሲንጉ (ሰላጣው ላይ የሚፈሰው ማጣፈጫ) ውስጥ ያለው ሎሚ ወይም አቼቶ ሥራውን ይሠራል።

ቢላዎም ድርሻ አለው። ደነዝ ቢላ ይጨፈልቃል፣ የተጨፈለቀ ሴል ደግሞ ቶሎ ይጠቁራል፣ ጭማቂውንም ይለቃል። ቢላውን ስለው ይጀምሩ።

ሳህኑ ሥር የተጠራቀመው ውሃ ከሦስት ቦታ ነው የመጣው። ጨው ከፒሩም ከቅጠሉም ውሃ ይስባል። ማርም እንደዚያው፤ ስኳር በዛ ባለበት ሁሉ ውሃ ወደዚያው ይሄዳል። ሦስተኛው በደንብ ያልደረቀ ቅጠልና ከዘፈዘፉበት ሲወጣ ያልደረቀ ፒር ነው። ቅጠሉን ያጠወለገው ደግሞ ሎሚው ብቻ አይምሰልዎት። ቅጠል ላይ ስስ የሰም ሽፋን አለ። ውሃና አቼቶ ከላዩ ይንሸራተታሉ፤ ዘይት ግን ያልፈዋል። ዘይት የነካው ቅጠል ቆይቶ ጠቆር ብሎ ሲተኛ የሚታየው ለዚህ ነው። ስለዚህ ዘይቱም፣ ጨውም፣ ኮምጣጣውም አንድ ላይ መግባት ያለባቸው ሳህኑ ወደ ጠረጴዛ ሊሄድ ሲል ነው።

አሁን ሰላጣውን እንሥራ። ለአራት ሰው 300 ግራም ገደማ የሚመዝን አንድ የእስያ ፒርና 150 ግራም ያህል ቅጠል ይበቃል። ቅጠሉ ውስጥ መረር ወይም ሰንፈጥ የሚል ነገር ይኑርበት፤ ሩኮላ ካገኙ በጣም ጥሩ ነው። ለስላሳ ቅጠል ብቻውን ከፒሩ ጋር ሲገናኝ ሁሉም ነገር ለዘብተኛ ይሆናል። ቅጠሉን በሚወርድ ውሃ አጥበው እስኪደርቅ ያራግፉት፣ በጨርቅ ጠቅልለው ፍሪጅ ያስገቡት። 50 ግራም ዋልነት በደረቅ መጥበሻ፣ በመጠነኛ እሳት፣ መዓዛው እስኪወጣ 5 ደቂቃ ያህል ያምሱ። ሲቆላ ከእሱ ዓይንዎን አይንቀሉ፤ አንዴ ማረር ከጀመረ አይመለስም።

ድሬሲንጉ ይህ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተዘጋጀ ሰናፍጭ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ ቁንዶ በርበሬ። ክዳን ባለው ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ጨምረው በኃይል ይነቅንቁት። ብዙ የምግብ አዘገጃጀቶች አንድ እጅ ኮምጣጣ ለሦስት እጅ ዘይት ይላሉ። ለዚህ ፒር ያ መጠን ሰነፍ ነው፤ ኮምጣጣው ከፍ ማለት አለበት። ሰናፍጩ ዘይቱንና ሎሚውን አያይዞ ያወፍራቸዋል፤ እርጥብ ፒር ላይ ሳይንሸራተት የሚይዘው የወፈረው ነው። ማር አይጨምሩ። ጣፋጩ ፒሩ ውስጥ አለ።

ፒሩን የሚቆርጡት በመጨረሻ ነው። ለቅጠል ሰላጣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ይሁን። ከዚያ ከሳሳ ቅጠሉ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ቶሎም ይጠቁራል። ከወፈረ ደግሞ ሹካ ላይ አይቀመጥም፣ አንዱን ጉርሻ ፒር ብቻ፣ ሌላውን ቅጠል ብቻ ያደርገዋል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስስ አድርጎ የሚቆርጠውን ባለ ስለት ሰሌዳ ከተጠቀሙ የጣት መከላከያውን አይርሱ። ፒሩ እርጥብ ነው፣ ያንሸራትታል።

የተቆረጠውን ፒር ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርገው ግማሹን ድሬሲንግ ያፍስሱበትና ቀስ አድርገው ያገላብጡት። ሁሉም ቁራጭ በሎሚውና በዘይቱ ሲለበስ አየሩ ቶሎ አያገኘውም። ቅጠሉን ከላይ ይጨምሩ፣ የቀረውን ድሬሲንግ ያፍስሱ፣ በእጅዎ ሁለት ሦስት ጊዜ ከሥር ወደ ላይ ያንሱት። ዋልነቱንና 40 ግራም ያህል በስሱ የተላጠ ፓርሜዛን ወይም ሌላ የቆየ ጠንካራ ቺዝ ይበትኑበት። አሁኑኑ ያቅርቡ። ቺዙ እዚህ ጌጥ አይደለም። ጨዋማና ቅባታማ ስለሆነ የፒሩን ጣፋጭነት ጎትቶ ያወጣዋል። ቺዝ የማይበላ ሰው ካለ በጨው የታሸ የወይራ ፍሬ ቦታውን ይተካል። ከጠንካራው ቺዝ የተሻለው ሰማያዊ ቺዝ ነው የሚሉ አሉ። ከለስላሳው ፒር ጋር እስማማለሁ፤ ከዚህኛው ጋር ግን ሰማያዊው ጉልበቱ ይበዛል፣ ፒሩን ይውጠዋል።

የእርስዎ ጥያቄ ግን ቀድሞ ስለሚዘጋጅ ሰላጣም ነው። ለዚያ ቅጠሉን ይተዉትና ወደ ጥቅል ጎመን ይሂዱ። ጎመን ጊዜ ይችላል። 400 ግራም ያህል ጎመን በስሱ ይክተፉ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በትነው በእጅ ያሹት፣ ግማሽ ሰዓት ያስቀምጡት። ውሃውን ሲለቅ ጭምቅ አድርገው ያፍስሱ። ቀምሰው ጨው ከበዛበት በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርገው እንደገና ይጭመቁ። ብልሃቱ እዚህ ጋ ነው፦ ሳህኑ ላይ ሊወጣ የነበረው ውሃ አስቀድሞ ወጥቶ አለቀ። በዚህ ላይ አንድ የተፈገፈገ ካሮት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሩዝ ወይም የፖም አቼቶ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈገፈገ ዝንጅብል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጣዕሙ ለዘብ ያለ ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተቆላ ሰሊጥ ዘይት፣ በስሱ የተከተፈ አንድ ቃሪያ ይጨምሩ። ሌላ ጨው አያስፈልገውም። ይህ ፍሪጅ ውስጥ ቢያድር ጣዕሙ ይሻሻላል እንጂ አይበላሽም።

ፒሩን በማግስቱ፣ ከመቅረቡ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ይቁረጡት። ለዚህኛው እንደ ክብሪት እንጨት ቀጠን ያለ ቅርጽ ይሻላል፣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ፤ ከጎመኑ ጋር እኩል ይነሳል። የተቆላ ሰሊጥና የድንብላል ቅጠል ከላይ ይበትኑ። ለእንግዳ የምመክረው ይህኛውን ነው። የቅጠሉ ሰላጣ ያምራል፣ ግን አሳላፊው መጨረሻ ላይ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻውን ይቀራል።

ሌላ ፈጣን ነገር ከፈለጉ ኪያርና ናና ያለበት አለ። ኪያሩን ዘሩን አውጥተው ከፒሩ ጋር እኩል ይቁረጡ፣ ሎሚ፣ ቃሪያና ቁንጥጫ ጨው ያድርጉበት። ዘይትም አያስፈልገውም። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካልተበላ ግን ሾርባ ይሆናል።

የማይሄዱትን ደግሞ ልንገርዎት። ማዮኔዝ የበዛበት ሰላጣ ውስጥ ፒሩ ውሃውን ሲለቅ ማዮኔዙ ይቀጥናል፣ መልኩም ደስ አይልም። ሙዝና የበሰለ ማንጎ ለስላሳና ጣፋጭ ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ፒሩ ምንም አይጨምርም። ብርቱካን ቢገባ ይሻላል። የባልሳሚክ አቼቶም ጣዕሙ ቢስማማ ነጩን ፒር ያጠቁረዋል፤ ያን ሁሉ ለቀለሙ ተጨንቀው በመጨረሻ በእጅዎ ማጥቆር ነው።

ስለዚህ «ቀድሞ ይዘጋጃል ወይ?» ለሚለው ምላሼ ይህ ነው፦ ሁሉም ነገር ቀድሞ ይዘጋጃል፣ ከፒሩ በቀር። ቅጠሉ ታጥቦ ደርቆ፣ ዋልነቱ ተቆልቶ፣ ድሬሲንጉ ጠርሙስ ውስጥ ተነቅንቆ ማደር ይችላል። ፒሩ ሳይቆረጥ፣ ፍሪጅ ውስጥ እንደቀዘቀዘ ይደር። አንድ ፒር ልጦ መቁረጥ ከ5 ደቂቃ አይበልጥም። የግድ አስቀድመው መቁረጥ ካለብዎት፣ ለምሳሌ ሌላ ሰው ቤት ይዘው የሚሄዱ ከሆነ፣ በጨው ውሃ ነክረው ያድርቁትና አየር በማያስገባ ዕቃ፣ በፍሪጅ ቅዝቃዜ፣ ለሁለት ሦስት ሰዓት ያቆዩት። ከዚያ በላይ ቢያድርም የሚበላ ነው፣ ግን ኮሽታው ይቀንሳል። ኮሽታው ከሌለ ደግሞ ይህን ፍሬ ለሰላጣ መምረጡ ትርጉም የለውም።

ጥቂት ጥንቃቄዎች አሉ። ድሬሲንግ የነካው ሰላጣ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ቀኑ በጣም ሞቃት ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። ፒሩን ቢልጡትም መጀመሪያ ይጠቡት፤ ቆዳው ላይ ያለው ቆሻሻ በቢላው ወደ ውስጥ ይገባል። በሳሙና ግን አይደለም፤ የሚወርድ ውሃ ይበቃል። ለትንንሽ ልጆች፣ በተለይ ከ4 ዓመት በታች ላሉት፣ ጠንካራ ቁራጭ ትንታ ያመጣልና ፈግፍገው ይስጧቸው። ማር ውሃ የተጠቀሙ ከሆነ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም።

የእስያ ፒር ሶርቢቶል የሚባል በቀላሉ የማይፈጭ ስኳር አለው። ሆዳቸው ቶሎ ለሚነፋ ሰዎች አንድ ሙሉ ፒር ሊከብድ ይችላል፤ ሰላጣ ውስጥ ሁለት ሦስት ቁራጭ አብዛኛውን ሰው አያስቸግርም። የበርች ዛፍ ብናኝ አለርጂ ያለበት ሰው ጥሬ ፒር ሲበላ ከንፈሩንና አፉን ሊያሳክከው ይችላል። ማሳከክ ከተሰማው ያቁም። ጉሮሮ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ቤት ውስጥ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ በአስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል። ዋልነትና ሰሊጥም የብዙ ሰው አለርጂ ናቸውና እንግዶችዎን አስቀድመው ይጠይቁ።

ያቺ ሳምንት ወጥ ቤት ከከረሙት ፒሮች የቀሩ ካሉ አይጣሏቸው። ቆርጠው ይዩአቸው። ሥጋቸው ነጭ ከሆነና ሽታቸው ጤነኛ ከሆነ ፈግፍገው ለድሬሲንግ ያውሏቸው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈገፈገ ፒር ከአቼቶ፣ ከዝንጅብልና ከሰሊጥ ዘይት ጋር ለዚያ የጎመን ሰላጣ ጥሩ ይሆናል፤ ልል ሥጋ እዚያ ችግር የለውም። ወይም የበሬ ሥጋ ከመጠበሱ በፊት ይለውሱበት። ፒሩ ውስጥ ፕሮቲን የሚሰብር ኢንዛይም አለ፣ ሥጋውን ያለሰልሰዋል፤ ኮሪያውያን ቡልጎጊ የሚባለውን ጥብስ ሲያዘጋጁ ይጠቀሙበታል። ከአንድ ሌሊት በላይ ግን አያቆዩት፣ ሥጋው ይላሽቃል። መሃሉ ጠቁሮ ከሆነና የጠቆረው ዘሩ ዙሪያ ብቻ ከሆነ ቆርጠው ያውጡት፤ ወደ ሥጋው ከተስፋፋ ወይም የአልኮል ሽታ ካለው ይጣሉት።